«ዲሚን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ጠባይ ማሳየት ነው ወይስ ማዋረድ?

ሰያፍ_ብዕር

የ1787ቱን «ኖርዝዌስት ኦርዲናንስ» ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የአሜሪካ ግዛት እንዴት እንደሚተዳደር የደነገገው ሕግ ነው። መጨረሻው ላይ ካሉት ስድስት አንቀጾች የመጀመሪያው ስለ አምልኮ ነጻነት ሲናገር፣ «በሰላምና በሥርዓት ራሱን ዲሚን የሚያደርግ ማንም ሰው በአምልኮው ወይም በእምነቱ ምክንያት አይነካም» ይላል። ያለኝ መዝገበ ቃላት ለ«ዲሚን» የሚሰጠው ፍቺ «ማዋረድ፣ ማቃለል» ብቻ ነው። በሰላምና በሥርዓት ራሱን የሚያዋርድ ሰው ደግሞ ስሜት አይሰጥም።

በሌላ በኩል «ዲሚነር» የሚለው ስም አኳኋን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ውርደት የሚባል ነገር የለበትም። ታዲያ ግሱና ስሙ ምንና ምን ናቸው? ትርጉሙ የተለወጠ አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት ቃል? በድሮ ጽሑፍ ላይ ሲመጣስ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

ሥርወ_ቃል

ሁለት ግሶች ናቸው። አጻጻፋቸውም አነባበባቸውም አንድ ስለሆነ ነው የሚያምታቱት። እርስዎ የያዙት ሕግ ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው፤ «በሰላምና በሥርዓት የሚኖር» ወይም «ጠባዩን ያሳመረ» ብለው ይመልሱት።

የመጀመሪያው ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ1300 ገደማ ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው «ደምኔ» ሲሆን ውስጡ «መኔ»፣ መምራት፣ የሚለው ግስ አለ። ይህም የኋለኛው ዘመን ላቲን «ሚናሬ» ልጅ ነው። ሚናሬ እየጮኹና እያስፈራሩ ከብት መንዳት ማለት ነበር፤ ሥሩ «ሚናይ»፣ ዛቻ፣ ነው። ዛቻው ከብት መንዳት ሆነ፣ መንዳቱ ሰው መምራት ሆነ፣ ከዚያ ጉዳይን ማስተዳደር፣ በመጨረሻም ራስን መምራት፣ ማለትም ጠባይ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ አገልግሎቱ ከዛሬው ይሰፋ ነበር፤ ሰውን በአንድ መንገድ መያዝ፣ ሥራን ማካሄድ፣ ሐዘንን ወይም ደስታን በገጽ ማሳየት ሁሉ በዚሁ ግስ ይነገር ነበር። በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ረገፉና «ራስን» የሚለውን ተሳቢ ይዞ የሚሄደው ብቻ ቀረ።

ዘመዶቹ ዛሬም አሉ። «ሜነስ» ዛቻ ነው፤ ሥሩን ሳይለቅ የቀረው እሱ ነው። «ፕሮሜናድ» ሽርሽር፣ «አሚነብል» ደግሞ ለመመራት እሺ የሚል። ፈረንሳይኛ ራሱ ግሱን ወደ ሌላ ወሰደው፤ ዛሬ «ስ ደምኔ» ሲሉ መፍጨርጨር፣ ላይ ታች ማለት ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው በእንግሊዝኛው ላይ በቀጥታ ቢተማመን ይስታል።

ሁለተኛው ግስ ታናሽ ነው። በጽሑፍ የሚታየው ከ1601 ጀምሮ ሲሆን የተሠራው እዚያው እንግሊዝኛ ውስጥ ነው። «ዲ» ወደ ታች የሚል መነሻ ቅጥያ ነው፤ «ሚን» ደግሞ ዝቅተኛ፣ ተራ የሚል ቅጽል። አርአያው «ዲቤዝ» የሚለው ቃል ይመስላል፤ እሱም «ዲ» እና «ቤዝ»፣ ዝቅ ያለ፣ ተገጣጥመው በ1560ዎቹ የወጣ ነው። አንዱ ካለ ሌላውን በዚያው ቅርጽ ማውጣት አይከብድም።

«ሚን» የሚለው ቅጽል ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ «ለሁሉ የጋራ የሆነ» ማለት ነበር፤ የላቲኑ «ኮሙኒስ» የአጎቱ ልጅ ነው። የጋራ የሆነው ተራ ሆነ፣ ተራው ዝቅተኛ ሆነ፣ በ1660ዎቹ ንፉግ የሚል ትርጉም ጨመረ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክፉ፣ ጨካኝ ሆነ። የጀርመንኛው «ገማይን» በራሱ በኩል ያንኑ ቁልቁለት ወርዷል፤ ከጋራ ተነሥቶ ዛሬ ክፉ ማለትም ነው። አንድ ነገር የሁሉም ሲሆን የሚናቅ መሆኑ የሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች የደረሱበት ፍርድ ነው ማለት ነው፣ ደስ ባይልም።

ይህን «ሚን» ከሌሎቹ ሁለት ጋር እንዳያደባልቁት። «አማካይ» የሚለው «ሚን» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ሜዲያኑስ» የመጣ ነው። «ማለት፣ ማሰብ» የሚለው «ሚን» ደግሞ ሌላ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ሦስቱ በቅርጽ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው።

ኅዳግ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ድንበሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም። ሁለተኛው ግስ ከ«ዲ» እና «ሚን» ተገጥሞ የወጣ ነው የሚለው ጥሩ ግምት ነው እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። የመጀመሪያው ግስም በመወለዱ ላይ እጁ ሊኖርበት ይችላል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ግስ ተሳቢው «ራሱን» ነው። ሁለተኛውም አብዛኛውን ጊዜ ተሳቢው «ራሱን» ነው። አንድ ሰው ነውር ነገር ሠርቶ «እንዲህ ራሱን ዲሚን አደረገ» ሲባል ሰሚው ሁለት መንገድ አለው፤ «እንዲህ ያለ ጠባይ አሳየ» ወይም «እንዲህ ራሱን አዋረደ»። ዐረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይችላል። ይህ ዓይነቱ አጠቃቀም ሲደጋገም «ሚን» የሚለውን ቅጽል የሚያውቅ ጆሮ ውርደቱን ይሰማል።

የታወቀው ምሳሌ የሼክስፒር «ኮሜዲ ኦቭ ኤረርስ» ነው፤ 4ኛው ገቢር፣ 3ኛው ትዕይንት። አንዲት ሴት ስለ አንቲፎለስ ስትናገር አብዷል፣ ባያብድ ኖሮ እንዲህ ራሱን «ዲሚን» ባላደረገ ትላለች። ተውኔቱ በ1594 መጨረሻ ለንደን ውስጥ ታይቷል። ሁለተኛው ግስ በማያሻማ ሁኔታ የሚገኘው ከ1601 ወዲህ ስለሆነ በዘመኑ ስንመዝነው የመጀመሪያው ትርጉም ያደላል፤ ሆኖም ዛሬ የሚያነብ ሁሉ ውርደት ነው ብሎ ያልፋል፣ ስሜቱም አይበላሽበትም። ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ በ1755 መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ መግቢያ ሥር፣ ከፈረንሳይኛው ግስ የመጡ አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው።

በኋላ ሥርወ ቃልን የሚቆጥሩ የቋንቋ ተቺዎች ተነሡ። «ዲሚን ማለት ጠባይ ማሳየት ነው፣ ከሚን ጋር ዝምድና የለውም፣ ለማዋረድ መጠቀም የማይምነት ነው» እያሉ ጻፉ። አልተሳካላቸውም። አንድ ቃል ከመነሻው ምን ነበር የሚለው ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ አይወስንም፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ወስኗልና። ማምታታቱ የሚያስጨንቀው ሰው «ቢሚን» የሚል ሌላ ግስ ነበረለት፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያለ፣ ማዋረድ ብቻ የሚል፣ አሻሚነት የሌለው። ጥራት ቢኖረውም ጥቂት ሰው ብቻ ነው የተጠቀመበት።

ሰያፍ_ብዕር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንግዲያው «ሚስዲሚነር» የሚለው የሕግ ቃል ከየትኛው ነው? እስካሁን «ቀላል ወንጀል» እያልኩ ነው የምመልሰው፤ ቀጥሎ የማስበው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለሆነ ከወዲሁ ባውቀው ይሻላል።

ችሎት_5

ከመጀመሪያው ነው። «ዲሚነር» በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከዚያው ግስ ተሠራ። መጨረሻው ላይ ያለው «ኦር» የአድራጊ ምልክት አይደለም፤ «ቢሄቪየር» በሚለው ቃል አምሳል የተቀጠለ ነው። ብሪታንያውያን በሁለቱም ላይ «ዩ» ጨምረው የሚጽፉት፣ አሜሪካውያን ደግሞ ከሁለቱም ላይ የሚያነሡት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምግባር በሙሉ ማለት ነበር፤ ዛሬ ጠብቦ በውጭ የሚታየው ብቻ ሆኗል፦ ፊት፣ ድምፅ፣ አቀማመጥ፣ አመላለስ። በፍርድ ቤት «የምስክሩ ዲሚነር» ሲባል ይኸው ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤት የምስክር እምነት የሚጣልበት መሆን አለመሆን ላይ ከሥር ፍርድ ቤት ጋር ለመቃረን የሚያመነታው ምስክሩን በዓይኑ ስላላየ ነው፤ በእጁ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። እዚህ ላይ «ጠባይ» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው፣ ጠባይ የሰውየው የዘወትር ነገር ስለሚሆን። «አኳኋን» ይበቃል።

«ሚስዲሚነር» ደግሞ «ሚስ»፣ የተበላሸ፣ ተጨምሮበት «ያልተገባ ምግባር» ሆነ። በእንግሊዝ የጋራ ሕግ ከ«ፈለኒ»፣ ከከባድ ወንጀል፣ በታች ያለው የወንጀል መደብ ስም ሆኖ ቆየ። እንግሊዝ ልዩነቱን በ1967 የወንጀል ሕግ አዋጅ አስቀርታዋለች። አሜሪካ ይዛዋለች፤ በፌዴራል ሕግ ከፍተኛ ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት የሆነ ጥፋት «ሚስዲሚነር» ነው፣ ከአንድ ዓመት ሲያልፍ «ፈለኒ»። ውስጡም ይከፈላል፦ «ሀ» ከስድስት ወር በላይ እስከ አንድ ዓመት፣ «ለ» ከ30 ቀን በላይ እስከ ስድስት ወር፣ «ሐ» ከአምስት ቀን በላይ እስከ 30 ቀን። አምስት ቀንና ከዚያ በታች ወይም ጭራሽ እስራት የሌለው ከመደቡ ወጥቶ ተራ የደንብ ጥሰት ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ «ቀላል ወንጀል» ጥሩ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ላይ ግን አይሠራም። አንቀጽ 2 ክፍል 4 ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን የሚነሣባቸውን ሲዘረዝር ክህደት፣ ጉቦ እና «ሌሎች ሃይ ክራይምስ ኤንድ ሚስዲሚነርስ» ይላል። ብዙ ተርጓሚ «ከባድና ቀላል ወንጀሎች» ይለዋል፤ ፕሬዚዳንት በቀላል ወንጀል ይነሣል ማለት ነው? «ሃይ» የሚለው ቅጽል ሁለቱንም ስሞች ይገዛል፣ ክብደቱም ከሥልጣኑ ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ሕገ መንግሥቱን ባረቀቀው ጉባኤ ላይ በተወካዮቹ መካከል የሆነው ነገር ያግዛል። ጆርጅ ሜሰን መስከረም መጀመሪያ 1787 ላይ ክህደትና ጉቦ ብቻ አይበቃም ብሎ «የአስተዳደር ብልሹነት» እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ፤ ማዲሰን እንዲህ የላላ ቃል ፕሬዚዳንቱን በሴኔቱ ፈቃድ የሚኖር ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ፤ ሜሰንም ትቶት ይህን ሐረግ አስገባ። ስለዚህ «ከባድ ወንጀሎችና ከባድ የሥልጣን ብልግናዎች» ወይም «…በሥልጣን የሚፈጸሙ ከባድ ጥፋቶች» ወደ እውነቱ ይቀርባል።

በዚያ ዘመን ሰነዶች ላይ ግሱን ደጋግመው ያገኙታል፤ ሁሉም ውርደት የሌለባቸው ናቸው። የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት፣ 1780፣ ሦስተኛ አንቀጽ፦ በሰላም «ዲሚን» የሚያደርጉ የክርስትና ወገኖች ሁሉ እኩል የሕግ ጥበቃ አላቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1790 ለኒውፖርት አይሁድ ማኅበር በጻፈው ደብዳቤ መንግሥት ከዜጎቹ የሚጠይቀው እንደ መልካም ዜጋ ራሳቸውን «ዲሚን» እንዲያደርጉ ነው ይላል፤ ይህን «እንዲያዋርዱ» ብሎ የሚመልስ ሰው ደብዳቤው ተገለበጠበት ማለት ነው፣ ምክንያቱም የደብዳቤው ፍሬ ነገር የእነዚያ ሰዎች እኩልነት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለጠበቆች ያወጣው መሐላ «በቅንነትና በሕግ መሠረት ራሴን ዲሚን አደርጋለሁ» የሚል ነበር። ዛሬ በዚያው ፍርድ ቤት መሐላ ውስጥ በቦታው የተተካው ቃል «ኮንዳክት»፣ ራስን መምራት፣ ነው። ከዚህ የተሻለ የፍቺ ማስረጃ አይገኝም።

ባለ_ሚዛን

ስለ ሁለተኛው ግስ ትንሽ ልጨምር፣ «ማዋረድ» የሚለውም ሁልጊዜ ልክ ስላልሆነ። እንግሊዝኛ ለዝቅ ማድረግ ብዙ ቃል አለው፤ አማርኛ ተርጓሚዎች ሁሉንም «አዋረደ» ውስጥ ይከታሉ።

«ዲቤዝ» የነገሩን ዋጋና ጥራት የሚነካ ነው። ትክክለኛ ቤቱ የገንዘብ ታሪክ ነው። ሄንሪ 8ኛ ከ1544 ጀምሮ የብር ሳንቲሞቹን በመዳብ ሲያበርዝ 92.5 በመቶ የነበረው የብር መጠን በ1546 ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ፣ በልጁ በኤድዋርድ ዘመን በ1551 ደግሞ 25 በመቶ ደረሰ። እንግሊዛውያን ያንን ዘመን «ታላቁ ዲቤዝመንት» ይሉታል። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ማርከስ። ገንዘብም ይረክሳል፣ ቋንቋም፣ ሰውም። «አዋረደ» ለሳንቲም አይሆንም።

«ዲግሬድ» ውስጡ «ግራዱስ»፣ ደረጃ፣ አለ። መጀመሪያ የሚነገረው ከማዕረግ ለሚወርድ ካህን ወይም ወታደር ነበር። የፈረንሳይ ጦር መኮንኑ ካፒቴን ድሬይፉስ ጥር 5 ቀን 1895 ፓሪስ በሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ግቢ በሰልፍ ፊት ምልክቶቹ ተገፍፈው ሰይፉ ሲሰበር የተፈጸመበት ሥርዓት በዚሁ ስም ይጠራል። እዚያ ላይ «ማዕረግ ገፈፈ» ነው። በሰብአዊ መብት ሕግ ደግሞ ሌላ ክብደት አለው፤ የ1948ቱ ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 5 እና የ1950ው የአውሮፓ ስምምነት አንቀጽ 3 «ዲግሬዲንግ» የሚለውን ነው የመረጡት። ይህ ቃል በፍርድ ቤት መለኪያ አለው፣ ድርጊቱ የተወሰነ የክብደት ደረጃ ላይ መድረስ አለበት። በ1978 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የማን ደሴት ባለሥልጣናት በፍርድ ውሳኔ አንድን ልጅ በበርች ልምጭ መግረፋቸውን ሲመረምር ማሠቃየት አይደለም፣ ኢሰብአዊ ለመባልም አይደርስም፣ ግን «ዲግሬዲንግ» ነው ብሎ ወስኗል። «የሚያዋርድ አያያዝ» እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

«ዲሚን» ከዚያ ይለሰልሳል። የሚነካው ሰው በሌሎች ፊት ያለውን ግምት ነው። ሥራ አስኪያጅ ባለሙያን በባልደረቦቹ ፊት እንደ ልጅ ሲያናግረው፣ ማስታወቂያ ሴቶችን እንደ ዕቃ ሲያሳይ፣ አንድ ሰው ለማይረባ ጥቅም ሲለማመጥ። «ማሳነስ»፣ «ማቃለል»፣ «ክብር መንካት» ይሻላሉ። ራስን ሲሆን «ራሱን አስናቀ» ከ«ራሱን አዋረደ» ይልቅ ልኩን ይይዛል፣ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ በውስጡ ስላለ።

«ሂዩሚሊዬት» ደግሞ የተነካው ሰው በውስጡ የሚሰማውን ይዞ ነው የሚሄደው። ሰው በአንድ ንግግር «ዲሚን» ሊደረግ ይችላል፣ ሳይሸማቀቅ፤ ተናጋሪው ነው የሚናቀው። «ሂዩሚሊዬት» የተደረገ ግን ተሸማቋል። ለዚህ ነው «ዲሚኒንግ» ስለ ድርጊቱ፣ «ሂዩሚሊዬቲንግ» ስለ ተጎጂው የበለጠ የሚናገረው።

ኅዳግ

የመጀመሪያው ጥያቄ የመጨረሻ ክፍል ሳይመለስ እንዳይቀር። በድሮ ጽሑፍ ላይ ለመለየት መጀመሪያ ተሳቢውን ማየት ነው። ተሳቢው ሌላ ሰው ወይም ነገር ከሆነና ጽሑፉ ከ1601 ወዲህ ከሆነ ማቃለል ነው ማለት ይቻላል። ተሳቢው «ራሱን» ከሆነ ቀጥሎ የሚመጣውን ይመልከቱ። አኳኋንን የሚገልጽ ተውሳከ ግስ ወይም «እንደ እንዲህ ያለ ሰው» የሚል ሐረግ ካለ ጠባይ ማሳየት ነው፤ የመጀመሪያው ግስ ያለ እነዚህ ብቻውን አይቆምም፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሆነ መነገር አለበትና። «እንዲህ በማድረግ» ወይም «እዚህ ድረስ በመውረድ» የሚል ከተከተለ ሁለተኛው ነው። የሚያስቸግረው «እንዲህ» ብቻ ሲኖር ነው፤ የሼክስፒሩ ችግር እሱ ነው። ያኔ የጽሑፉ ዘመንና ዓይነት ይወስናል፦ ሕግ፣ መሐላ፣ የሹመት ደብዳቤ ከሆነ ወደ ጠባይ ያዘንብላል፣ ልብ ወለድና ክርክር ከሆነ ወደ ውርደት።

መዝገበ ቃላት ሲገዙ ወይም ሲከፍቱ ግሱ በሁለት የተለያየ መግቢያ፣ በቁጥር 1 እና 2 ተለይቶ መቀመጡን ይመልከቱ። ኦክስፎርድና ሜሪያም ዌብስተር እንዲህ ያደርጋሉ። ትናንሾቹ ሁለተኛውን ብቻ ይሰጣሉ፣ ዛሬ የሚነገረው እሱ ስለሆነ።

ሥርወ_ቃል

ሕግ እየተረጎሙ ስለሆነ ከእነዚህ ጋር የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላትም ይጠብቁ። «ዲሜን» ተብሎ የሚነበብ፣ በመሐሉ የማይሰማ «ኤስ» ያለበት ስም አለ፤ ባላባቱ ለራሱ የያዘው መሬት ነው። ከላቲኑ «ዶሚኒኩስ»፣ የጌታ የሆነ፣ የመጣ ስለሆነ ከሁለቱም ግሶች ጋር አይገናኝም። ሁለተኛው በኤም፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን የሚጻፍና «ሚን» ተብሎ የሚነበብ ስም ነው፤ የሰው ገጽታ፣ አቋም። ይኸኛው «ዲሚን» የሚለው የመጀመሪያው ግስ በፊት ስም ሆኖም ያገለግል ስለነበር መነሻው «ዲ» ተቆርጦ የቀረ፣ በኋላም የፈረንሳይኛው «ሚን»፣ መልክ፣ ቅርጹን የለወጠው ይመስላል። «ኖብል ሚን» ሲያገኙ ግርማ ሞገስ እንጂ ንፉግ መኳንንት አይደለም።